ከጉትያና ከመላጣ ዶሮ የተጀመረ የፅንስ ትምህርት

በደብረ ብርሃን ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ጂኖች (በዘር የሚተላለፉ የሰውነት መመሪያዎች) የጀርባ አጥንት ያላቸውን እንስሳት ፅንስ እንዴት እንደሚቀርጹ በማስረዳበት ጊዜ ከሁሉ የከበደኝ፣ እያንዳንዱ የአካል ክፍል የራሱ ብቻ የሆነ ጂን አለው የሚለውን እምነት ከተማሪዎቼ አእምሮ ማውጣት ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን በየቤታቸው ከሚያውቋቸው ዶሮዎች ጀመርኩ።

በሰሜን ሸዋ ገጠር በአንድ ግቢ በራሷ ላይ የላባ ቁንጮ ያላት ጉትያና አንገቷ ላባ የሌለው መላጣ ዶሮ አብረው ሲጭሩ ማየት የተለመደ ነው። የጉትያዋ ቁንጮ፣ በጭንቅላት ቆዳ ላይ ሊሠራ የማይገባው ሆክስ ሲ 8 የተባለ ጂን እዚያ ከመሥራቱ ጋር የተያያዘ ነው። የመላጣዋ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል፤ ላባ እንዳይበቅል የሚገታው ቢኤምፒ 12 የተባለ ፕሮቲን በፅንሷ ቆዳ ውስጥ ከልክ በላይ ይመረታል። ታዲያ ላባ በተለይ ከአንገቷ ለምን ጠፋ? ተማሪዎቼ በዚህ ብዙ ተከራከሩ። መልሱ፣ የአንገት ቆዳ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘውን ሬቲኖይክ አሲድ ስለሚያመርትና ይህም የፕሮቲኑን ጉልበት እዚያ ስለሚያበረታው ነው።

ቀጥሎ፣ አውራ ዶሮ ካለበት ግቢ የመጡ እንቁላሎችን 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሚሞቅ መፈልፈያ ውስጥ አስቀመጥን። የከተማችን ሌሊት ብርዳም ስለሆነ የአየር ቀዳዳውን ሳንደፍን መፈልፈያውን በብርድ ልብስ እንሸፍነው ነበር። በሦስተኛው ቀን እንቁላሉን አጋድመን፣ ፅንሱ ከቅርፊቱ እንዲርቅ ጥቂት ነጭ ፈሳሽ በመርፌ ሳብንና ከላይ በኩል በመቀስ ትንሽ መስኮት ከፈትን። በአስኳሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች፣ በመካከላቸውም ያለማቋረጥ የሚመታ ቅንጣት የምታክል ልብ ታየች፤ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። በአጉሊ መነጽር ደግሞ ከጀርባው ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰለፉትን ሶማይት የተባሉ የፅንስ ሥጋ ጉብታዎች አየን። በዶሮ ፅንስ አንድ ጥንድ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይጨመራል፤ የጀርባና የጎድን አጥንት የሚወጡትም ከእነዚህ ነው። የትኛው የአንገት፣ የትኛው የደረት አከርካሪ እንደሚሆን የሚወስኑት፣ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሆክስ ሲ 8 የሚገኝበት ቤተሰብ አባላት፣ የሆክስ ጂኖች ናቸው። ዶሮ 14፣ አይጥ 7 የአንገት አጥንቶች ቢኖሯቸውም፣ ሆክስ ሲ 6 መሥራት የሚጀምርበት ድንበር በሁለቱም አንገትና ደረት በሚገናኙበት ስፍራ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት የጂኖችን ስም ከመዘርዘሬ በፊት «የት ሠራ? መቼ ሠራ?» ብሎ መጠየቅን ማስለመድ እንደሚገባ ነው። ይህን ከለመዱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳውንደርስና ጋሴሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙትን ሙከራ ነገርኳቸው፤ ከአንዱ የዶሮ ፅንስ ክንፍ እምቡጥ (በኋላ ክንፍ ከሚሆነው ትንሽ ጉብታ) የኋላ ጠርዝ የተቆረጠ ሥጋ በሌላው እምቡጥ የፊት ጠርዝ ላይ ቢተከል ምን ይፈጠራል? አንዲት ተማሪ ጣቶቹ በግልባጭ ይደገማሉ አለች። በእርግጥም የሆነው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993ም ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለው ጂን በፊት ጠርዝ ላይ እንዲሠራ ሲደረግ ብቻውን ይህንኑ ድግግሞሽ እንደሚያስከትል ታየ።