ለአንድ አንበሳ ብዬ ወለቃ ድረስ

ጎንደር የገባሁት በጥምቀት ማግስት ነው፤ ጥር 2010 ዓ.ም.። ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ አይቻልም። እንግዳው ገና አልወጣም፣ የአልጋ ዋጋም አልወረደም። ለአንዲት ጠባብ ክፍል 700 ብር ከፈልኩ። ሙቅ ውኃ አለ ተብዬ ነበር። የለም። ከሥር ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሙዚቃ ሲያስጮህ ነበር። አዲስ አበባ ሰፈሬም መጠጥ ቤት አለ፤ እዚያ ግን ቢያንስ ባለቤቱን በስሙ ጠርቼ እጨቃጨቀዋለሁ።

የመጣሁት ለአንበሳ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ሬሆቮት ከተማ የምትኖር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ስትሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወስዷል። ዕቃ ለመያዝ ጊዜም ቦታም አልነበረም። እናቷ ከጭቃ የሠሩላት አንበሳ እዚሁ ቀረ። «ወለቃ ከደረስክ አንድ አምጣልኝ» አለችኝ፤ «ትልቅ እንዳይሆን ብቻ።»

ግንቡንም ደብረ ብርሃን ሥላሴንም አየሁ። ስለ እነሱ የጻፈ ሞልቷል።

ወለቃ በደባርቅ መንገድ ከከተማው ወጣ እንዳሉ ነው። የባጃጁ ልጅ 150 ብር አለኝ፤ እንቅልፍ ስላልነበረኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። መንገዱ ዳር «የፈላሻ መንደር» የሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ቆሟል። ጓደኛዬ ይህን ስም አትወደውም። ቤተ እስራኤል ነን ነው የምትለው።

በየደጃፉ ቅርጾች ተደርድረዋል። ጀርባው ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ። ኦሪት የታቀፈ ቄስ። ልጅ ያዘለች እናት። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ደግሞ አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ ከብርድ ልብሱ ሁለት ጭንቅላት ብቻ ብቅ ብሏል። ይሄኛውን ቤቴ ባስቀምጠው እናቴ ምን እንደምትል አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንዲት እናት ጭቃ እያድበለበሉ ነበር። «ከማን ተማሩት?» አልኳቸው።

«ከጎረቤቴ። እሷ ሄደች፤ ፈረንጁ ግን መምጣቱን አልተወ።»

ድሮ ሥራው ጀበና፣ ምጣድና እንስራ ነበር። ቅርጹ የበዛው ጎብኚ ሲመጣ ነው። መሽከርከሪያ የላቸውም፤ ሁሉም በእጅ ነው። ቅርጹ በደንብ ሳይደርቅ እሳት ከገባ ይፈነዳል። ስለዚህ ቀናት ይጠብቃሉ።

ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪ በሰፈራችን ስታልፍ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። ቡዳ ናት ተብሎ። ጀበናውን ግን የምትገዛው ከዚያችው ሴት ነበር። ይሄን ለእኚህ እናት አልነገርኳቸውም።

የመዳፌን ያህል የምታክል ጥቁር አንበሳ መረጥኩ። 120 አሉኝ። 80 አልኩ። ዝም ብለው ጭቃቸውን ማድበልበል ቀጠሉ። 100 ሰጠሁ፤ «ይሁን የኔ ጌታ» ብለው በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። ለባጃጅ 150 ሳልተነፍስ ከፍዬ እዚህ 20 ብር ያስቀነስኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ተመልሼ ልሰጣቸው ሳስብ ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ።

አዲስ አበባ ቦሌ ስወርድ ሻንጣዬን ከፈትኩ። አንበሳው ጭራ የለውም። ጭራው ካልሲዬ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በማጣበቂያ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልያዘም። በመጨረሻ ከፊት በኩል ብቻ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።

ለደቂቃዎች ዝም አለች። ከዚያ በድምፅ መለሰችልኝ፦ «ፊቱ እማዬ የሠራችውን ይመስላል። እስቲ አዙረህ አንሳው።»