ሁለት ወረዳ፣ አንድ የጥገና ቡድን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ባልደረባዬ ደውሎ "ያኔ ከጎረቤት ወረዳ ጋር የውሃ ጥገናውን በጋራ የሠራችሁት እንዴት ነበር? እኛም ልንሞክረው አስበናል" አለኝ። ብዙ አወራን። ግን በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ፤ ሌላም የወረዳ ባለሙያ ይጠቀምበት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ በአንድ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ነው። የወረዳዎቹን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ችግሩ የብዙዎች ነው። እኛ ጋ ጎበዝ ኤሌክትሮ መካኒክ አለ፤ የሚሄድበት መኪና ግን የለም። ጎረቤታችን ጋ ፒካፕ አለ፣ ፓምፕ ከጉድጓድ የሚያወጣ ትሪፖድና ቼይን ብሎክ አለ፤ ባለሙያቸው ግን የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄዷል። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ሁለታችንም ለዞን ደብዳቤ እንጽፋለን። ደብዳቤው ገቢ ሆኖ፣ ተመርቶ፣ ተራው እስኪደርሰን ድረስ እናቶች ጄሪካን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

በተለይ አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር፣ ሁለቱን ወረዳ በሚለየው ደረቅ ወንዝ ዳር። አፍሪዴቭ ነው። የማታውቁት ካላችሁ፣ አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ለሚደርስ ጥልቀት የሚሆን፣ መንደር ውስጥ በቀላሉ እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ፓምፕ ነው፤ ፒስተኑን ለማውጣት ቧንቧውን በሙሉ መንቀል እንኳ አያስፈልግም። ያለቀው ዩ-ሲል የሚባለው ነበር፤ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ጎማ። እሷ ካለቀች እጀታውን ቀኑን ሙሉ ቢገፉት ጠብ የሚል ነገር የለም። እኛ መጋዘን ውስጥ አንድም አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ባለው ወረዳ መጋዘን ግን በካርቶን ተቀምጧል። የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ ስንጠይቀው "በምን ሂሳብ ላውጣላችሁ?" አለን። እውነቱን ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የማንም ክፋት አልነበረም። በ1994 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ሲወርድ፣ በፊት ዞን ይሠራው የነበረው ብዙ ሥራ ለወረዳ ተሰጠ። ጥሩ ነበር፤ ሕዝቡ አቤት የሚልበት ቢሮ ቀረበለት። ግን እያንዳንዱ ወረዳ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ካቢኔ፣ የራሱ መጋዘን ያለው ግቢ ሆነ። ከበጀቱ አብዛኛውን ደመወዝ ይበላዋል። ለሥራ ማስኬጃ የምትቀረው ብር አንድ ወረዳ ብቻውን መኪናም፣ መሣሪያም፣ ባለሙያም አሟልቶ እንዲይዝ አታደርገውም። ሁለቱ ግማሽ ግማሽ ይዘው ይቀመጣሉ ማለት ነው።

ሕዝቡ ደግሞ ድንበሩን ከነመኖሩም አያውቀው። በዚያ ደረቅ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉት መንደሮች ቅሬያቸው (እድራቸው) አንድ ነው። ሰው ሲሞት አብረው ይቀብራሉ፣ ገበያቸው አንድ ነው፣ ይጋባሉ። ለለቅሶ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን የሚጋሩ ሰዎች ለፓምፕ ጎማ በሁለት ደብዳቤ መለመናቸው ያንገበግበኝ ነበር።

የጀመርነው ከአለቆች አይደለም። እኔና የዚያኛው ወረዳ የውሃ ባለሙያ ነን የጀመርነው። ድንበር አካባቢ ያሉትን የውሃ ተቋማት አብረን ዞረን አንድ መዝገብ ሠራን፦ የፓምፑ ዓይነት፣ ጥልቀቱ፣ ስንት አባወራ እንደሚጠቀምበት፣ መጨረሻ የተበላሸው ዕቃ ምን እንደሆነ። መዝገቡ ሲሞላ ነገሩ ራሱ ይናገር ጀመር። ሁለታችንም ጋ ደጋግመው የሚያልቁት እነዚያው ናቸው፤ ዩ-ሲል፣ ቦቢን፣ የእጀታው ቡሽ፣ አንዳንዴ ዘንግ። በዚያ ላይ የኛ የጎደለው እነሱ ጋ አለ፣ የነሱ የጎደለው እኛ ጋ አለ። ካቢኔ ፊት ስለ ትብብር ጥቅም አንድ ሰዓት ከመናገር ያንን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ይሻላል።

ካቢኔው ላይ የተነሳው ሥጋት የሚጠበቅ ነበር። እነሱ "መኪናችንን ልትወስዱብን ነው" አሉ። የኛዎቹም "ባለሙያችን እዚያ ሲሠራ የኛ ሕዝብ ሊጠማ ነው" አሉ። ሥጋቱን ማጣጣል አልፈለግንም፤ አንድ በአንድ በወረቀት መለስነው። ባለሙያው ተጠሪነቱ ደመወዝ ለሚከፍለው ወረዳ ሆኖ ይቀጥላል። መኪናውም የባለቤቱ ነው፤ ሾፌሩም ጥገናውም በባለቤቱ ነው። ነዳጅና አበል ግን ሥራው ያለበት ወረዳ ይሸፍናል። ተራ የሚያዘው ደግሞ በወረዳ አይደለም፤ ሌላ የውሃ አማራጭ የሌለው መንደር፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይቀድማሉ። ይቺን የተራ ነገር ከሁሉ በላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጻፏት። በቃል ከተተወች የመጀመሪያው ስልክ የደወለ ባለሥልጣን ይወስዳታል።

ሊያቆመን የነበረው የዕቃው ሂሳብ ነው። አንድ ወረዳ ለሌላው ብር ማስተላለፍ ራስ ምታት ነው። ያዳነችን የኛ የፋይናንስ ባለሙያ ናት፤ ሥራ ላይ የቆየች፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ሲንዛዛ ዝም ብላ ሰማችንና "ወንድሞቼ፣ ብሩን ተዉት። ቦቢን የወሰደ ቦቢን ይመልስ" አለች። እንዲያ ሆነ። ጠያቂው በሞዴል 20 ይጠይቃል፣ ሰጪው በሞዴል 22 ወጪ ያደርጋል፣ ተቀባዩ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ያንኑ ዓይነት ዕቃ ገዝቶ ይተካል። አዲስ ፎርም አልፈጠርንም። ኦዲተሩም የሚያውቀውን ወረቀት ስላየ አልተቸገረም።

አንድ ሥራ ልንገራችሁ። እነሱ ወረዳ ውስጥ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ቆመ። ሞተሩ ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ ሊገዛ ዋጋ እየተጠየቀ ነበር። የኛ ሰው ሄደ፣ ትሪፖዱ ተተከለ፣ ቧንቧው አንድ በአንድ በክላምፕ እየተያዘ መውጣት ጀመረ። ይህ ሥራ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አንዱ ክላምፕ ካመለጠ ፓምፑም ቧንቧውም ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። የሁለቱም ቀበሌ ወጣቶች ገመድ ይዘው ቆመዋል፤ ባለሙያው "ቀስ!" ሲል ሁሉም ቀጥ ይላል። ሞተሩ ወጥቶ ከኬብሉ ተለይቶ በሜገር (የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አለማሳለፉን በሚለካ መሣሪያ) ሲለካ ደህና ነው። የተበላሸው ኬብሉ የተቀጠለበት ቦታ ነበር፤ ውሃ አስገብቷል። ቅጥያው እንደገና ተሠራ፣ ፓምፑ ተመልሶ ወረደ፣ ውሃው ወጣ። ልብ በሉ፣ ሜገሩ የነሱ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የቆየ። የሚያነበው ሰው ግን እኛ ጋ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ የዚያ ወረዳ ካቢኔ ስለ መኪናው ጥያቄ አንስቶ አያውቅም።

ምንጭ መጋራት ግን ፓምፕ አብሮ ከመጠገን በጣም ይከብዳል። እኛ ልንጋራው ያሰብነው ምንጭ ከሁለቱ በላይኛው ወረዳ፣ ተራራ ሥር ነው፤ ቦኖ የሚፈልጉት ታችኛው ወረዳ ያሉ ቀበሌዎች ናቸው። ውሃው በስበት ይወርዳል፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። የላይኞቹ ግን "ከብቶቻችን የሚጠጡትን በቧንቧ ልትወስዱብን?" አሉ፤ መብታቸው ነው። እንዲህ ያለው ነገር ችላ ሲባል የሚመጣውን በትልቁ አይተነዋል። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ስለተቃወሙት በወራት ውስጥ ቆመ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። ጥቅሙ ለአንዱ፣ ሸክሙ ለሌላው ከሆነ ጉርብትና አይቆምም።

ስለዚህ ከቧንቧው በፊት የላይኞቹን ጥያቄ አስቀደምን። መጀመሪያ የተሠራው የከብት ገንዳና አንድ ቦኖ ነው፣ እዚያው ምንጩ አጠገብ፣ ለላይኞቹ። የታችኞቹ ደግሞ በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ጊዜ ወደ ላይ ወጥተው ከምንጩ በላይ ያለውን ዳገት እርከን ሊሠሩ ተስማሙ። ስምምነቱን ያሰሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ዱዓ ተደርጎ ነው የተቋጨው። የኛ ማኅተም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ቅደም ተከተሉም እንዲያ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያልተጋራነውም ነገር አለ። የውሃ ኮሚቴዎቹንና የሚሰበስቡትን ክፍያ አልነካንም። አንድ መንደር ያዋጣው ብር ማዶ ተሻግሮ ለሌላ ፓምፕ ወጣ ከተባለ በነጋታው የሚከፍል አይገኝም። ሪፖርትም ላይ ትንሽ ተጋጭተናል፤ አንድ የተጠገነ ጉድጓድ ሁለታችንም ሪፖርት ላይ ሲገኝ ዞን ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ያለበት ወረዳ ብቻ እንዲያስመዘግበው አደረግን።

ሥራውን ያቆየውን አንድ ነገር ጥራ ብትሉኝ፣ የመግባቢያ ሰነዱን ሁለቱም ምክር ቤቶች ከበጀት ጋር ማጽደቃቸው እላለሁ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ይቀየራል። የኛ ተቀየረ፣ የነሱም ተቀየረ። አዲሱ ኃላፊ "ይሄ ከማን ጋር የተደረገ ስምምነት ነው?" ሲል ቃለ ጉባኤውንና የበጀት መደቡን አሳየነው፤ በቃ። በሁለት ኃላፊዎች ወዳጅነት ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ነበር የሚያበቃው።

ለባልደረባዬ የነገርኩትም ይህንኑ ነው፦ ሐምሌን አትጠብቁ። በጀት ከመጽደቁ ወራት ቀድማችሁ፣ ፋሲካ አካባቢ፣ መዝገቡን ሥሩ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አስተዳዳሪዎቹ ባይኖሩም ግድ የለም፤ የሁለቱ ወረዳ የፋይናንስና የንብረት ሠራተኞች ግን ይኑሩ። መጀመሪያ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተጋሩ፣ ሁለታችሁም አሁን ለየብቻ ብር የምታወጡበትን፤ መለዋወጫው ከሁሉ ይቀላል፣ መኪናው ይከተላል፣ ምንጩን ለመጨረሻ አቆዩት።