የጉማሬው መንጋጋ

ባሕር ዳር ለአንድ ሎጅ እንግዳ መቀበያ የተሠራው የጉማሬ ቅርጽ 1 ሜትር ከ20 ይረዝማል። አጽሙ የተበየደ ባለ 12 ፌሮ ነው፤ ሥጋው ግልገል ዓባይ በክረምት እየገፋ አምጥቶ ጣና ዳር የተወው ግንድና ሥር። ጆሮዎቹ የነጠላ ጫማ ሶል፣ ዓይኖቹ ቆርኪ ናቸው። ቦታው በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ የታችኛው መንጋጋ ሌሊት ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ጥበቃው ተኩስ መስሎት ተነሥቷል። ጠዋት አንዱ ጆሮም ወለሉ ላይ ተገኘ።

መንጋጋው ስፋቱ 30፣ ውፍረቱ 8 ሳንቲሜትር የሆነ የሾላ ቁራጭ ነው። የተለቀመው ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ነው። «ስድስት ወር ጥላ ሥር ከርሟል» ተብሎ ታለፈ። ከስድስቱ ወር አራቱ ግን ክረምት ነበሩ! ላዩ ግራጫና ደረቅ ነው፣ ሆዱ እርጥብ። አንድ ሽማግሌ አናጺ ገና ሳይገጠም በጣታቸው አንኳኩተው «ልጄ፣ ይኼ ጠጥቷል፤ ድምፁ አልጠራም» ብለው ነበር። የማስረከቢያው ቀን ደርሶ ስለነበር የሰማቸው የለም።

እርጥበቱ ብቻውን ይህን ያህል ባልጎዳ። እንጨት ሲደርቅ የሚጠበው በስፋቱ ነው፤ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም። 30 ሳንቲሜትር ስፋት 1 ሳንቲሜትር ቢያጣ አይገርምም። ይህ መንጋጋ ግን ጠርዝና ጠርዙ ላይ በአራት ቪት ከላሜራ ጋር ተጠርንፏል። ብረቱ አይከተለውም፤ እንጨቱ መሐሉን ቀደደ።

ጥገናው ላይ ላሜራው እንደገና ተበሳ። መሐል አንድ ክብ ቀዳዳ፣ ግራና ቀኝ በእንጨቱ ስፋት አቅጣጫ የተጋደሙ ባለ 16 ሚሊሜትር ሞላላ ቀዳዳዎች፤ ባለ 6 ቪት ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ገብቶ፣ ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ተላላ። ጆሮው የወደቀው በእንጨት ኮላ ስለተለጠፈ ነው፤ ኮላ ጎማ አይዝም። ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ተቀብቶ፣ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የሚጋጠመው።

አሁን እያንዳንዱ ወፍራም ቁራጭ መጀመሪያ በብሩሽ ይታጠባል (ደለሉ ውስጥ ያለው አሸዋ መጋዝ ያዶለዱማል)፣ ሁለቱ ጫፎቹ በቀለጠ ሰም ይደፈናሉ፤ ውኃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ይመዘንና ክብደቱ በጠመኔ ይጻፍበታል። በበጋ አራት ሳምንት ተከታትሎ ቁጥሩ ካልወረደ ለሥራ ይወጣል። በጨው ባሕር ዳርቻ የተለቀመ እንጨት የሚሠሩ ሰዎች የሚሉት ጨው የማስለቀቅ ሥራ እዚህ የለም፤ ጣና ጨው አልባ ነው። የኛ ጣጣ ነቀዝ ነው።

ስንጥቁ በኮላና በሰጋቱራ አልተደፈነም። በክረምት እንጨቱ ሲያብጥ ድፍኑ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ይብስ ይሰነጥቀዋል። እንደተከፈተ ነው ያለው፤ ነሐሴ ላይ ይጠባል፣ ጥር ላይ ይሰፋል። እንግዶች የአፉ እጥፋት ይመስላቸዋል።