ስለ ዘረኝነት ስንወያይ አለማያን ለምን እንዘላለን?

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ ዘረኝነትና ስለ ማኅበራዊ ለውጥ ምሁራዊ ውይይት አለ ከተባለ አልቀርም። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አዳራሹ ማራገቢያ አለው፣ መከራከርም እወዳለሁ። አካሄዱን ግን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ዓድዋ ይነሣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ይጠቀሳል (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ማንዴላ፣ ጆርጅ ፍሎይድ ይከተላሉ። እኛ አንድም አርአያ ነን፣ አንድም ተመልካች። ከጉዳዩ ውስጥ አንገኝም።

በቅርቡ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ይህ ሁሉ ከእኛ አካባቢ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብላ ጠየቀች። መድረክ መሪው ጥያቄው ግሩም መሆኑን ገልጾ ሰዓት ማለቁን አበሠረን። ግሩም የተባለ ጥያቄ መልስ ሲያገኝ አላየሁም፤ ስለዚህ እኔ ልሞክረው።

ልጄ፣ መልሱ ደንገጎን ወጥተሽ ወደ ሐረር ስትጓዢ መንገድሽ ላይ ነው። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው፣ እኔ የተማርኩበት የአለማያ የግብርና ኮሌጅ፣ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን «ፖይንት ፎር» የቴክኒክ ርዳታ መርሐ ግብር ከኦክላሆማ የግብርናና የሜካኒክስ ኮሌጅ ጋር በ1952 በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመ ነው። አሜሪካውያኑ እስከ 1968 አስተዳድረውታል፣ አስተምረውበታልም። አደረጃጀቱም የእነርሱው ነበር፦ ማስተማር፣ ምርምር፣ ውጤቱን ለገበሬ ማድረስ።

ይህ አደረጃጀት የራሱ ታሪክ አለው። በ1862 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የሞሪል ሕግ ለየክፍለ ግዛቱ መሬት ሰጠ፤ ከመሬቱ ሽያጭ በተገኘው ገንዘብ የግብርና ኮሌጆች ተከፈቱ። በ1890 ሁለተኛ ሕግ መጣ። ጥቁር ተማሪ አልቀበልም ያለ ክፍለ ግዛት ለጥቁሮች የተለየ ኮሌጅ እስካቆመ ድረስ ገንዘቡ አይቀርበትም ይላል። ኦክላሆማም እንዲሁ አደረገች። ነጮቹ ስቲልዋተር ከተማ ባለው የግብርናና የሜካኒክስ ኮሌጅ ተማሩ፣ ለጥቁሮቹ በ1897 ላንግስተን የተባለ ኮሌጅ ተከፈተላቸው። ወደ አለማያ የመጣው የስቲልዋተሩ፣ ማለትም የነጮቹ ኮሌጅ ነው።

ትሩማን ለድሃ አገሮች ዕውቀት እንሰጣለን ብለው በዓለ ሲመታቸው ላይ የተናገሩት በጥር 1949 ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ናንሲ ራንዶልፍ ዴቪስ የተባለች መምህርት የስቲልዋተሩ ኮሌጅ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተማሪ ሆና ገባች። የቤት አያያዝ ሳይንስ ልትማር ነው የመጣችው፤ መጀመሪያ ላይ ግን ከክፍል ጓደኞቿ ተነጥላ እንድትቀመጥ ተደረገች። ማስተርሷን የያዘችው በ1952 ነው፤ የአለማያ ስምምነት በተፈረመበት ዓመት ማለት ነው።

ይህንን ሳነብ ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። ለጎረቤቱ ልጅ መቀመጫ የጠበበው ኮሌጅ ለእኛ ባሕር ተሻግሮ ሙሉ ካምፓስ አቆመ።

ዓመታቱን መደርደሬን ልቀጥል። የትምህርት ቤት መድልዎ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወሰነው በግንቦት 1954 ነው፤ በሰኔ ንጉሠ ነገሥቱ ስቲልዋተርን ጎበኙ፣ በክብርም ተቀበሏቸው። በጥር 1958 አለማያን መርቀው ከፈቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በኦክላሆማ ሲቲ ክላራ ሉፐር የምትባል መምህርት ጥቁር ታዳጊዎችን ይዛ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ምሳ ከሚቀርብበት ባንኮኒ ፊት ተቀመጠች፤ ለስላሳ መጠጥ አዘዙ፣ አናስተናግድም ተባሉ። አንድ ምግብ ቤት ደንበኛውን በቀለሙ እንዳይመልስ የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ገና በ1964 ነው።

እኔ አለማያ ስገባ አሜሪካውያኑ ከሄዱ ቆይተው ነበር። ከመምህራኖቻችን ግን ስቲልዋተር የተማሩ ነበሩ። አንደኛው ስለ ስንዴው፣ ስለ አውሎ ነፋሱ፣ ስለ ላሞቹ ወተት ብዛት ሲያወራ አይጠግብም። ምሳ የት ይበላ እንደነበር ግን አንድም ቀን አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም። አሜሪካውያኑን ለመውቀስ አይደለም ይህን ማንሳቴ፤ ከማሳው እስከ ቤተ ሙከራው የሠሩትን አውቃለሁ፣ እንጀራዬም ከዚያ ወጥቷል።

ደግሞ ጣት ስንቀስር ሦስቱ ወደ ራሳችን ናቸው። ናንሲ ብቻዋን በተቀመጠችበት ዓመት እኛ ባርነትን በ1942ቱ አዋጅ ከሻርን ገና ሰባት ዓመታችን ነበር። አለማያ በሩን ሲከፍት በሐይቁ ዙሪያ ከሚያርሱት ገበሬዎች ልጆች ስንቶቹ ገቡ? አያቶቻቸው ተሽጠው ከነበሩትስ? ፊቱ የጠቆረ ልጅ ዛሬም በምን ስም እንደሚሰደብ እዚህ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የቸገረው ተማሪ ካለ ይኸውና፣ የአሜሪካ ቪዛ አያስፈልገውም።

ለዚያች ተማሪ ይህንኑ በሻይ ሰዓት አጫወትኳት። ወዲያው ደብተሯን አውጥታ «በሕይወት ያሉ አሉ?» አለችኝ። ስለዚህ ላንባቢዎቼ ላስተላልፍ፦ በእነዚያ ዓመታት ከአለማያ ተልካችሁ ኦክላሆማ የተማራችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ የተማሩ ካላችሁ ጻፉልኝ። ቤት የተከራያችሁት ከማን ነበር? ፀጉራችሁን የት ትስተካከሉ ነበር? ላንግስተንን ሄዳችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ፎቶግራፍ ካላችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም ጨምራችሁ ላኩልኝ።