ባጅ የማይጠየቅበት ኮንፈረንስ

በመጨረሻ ፎስደም ሄድኩ። ለዓመታት ቪዲዮውን ብቻ እያየሁ "አንድ ቀን" ስል ነበር። ዘንድሮ ግን ከኮሎኝ ባቡር ያዝኩና ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ብራስልስ ገባሁ። ስለ ንግግሮቹ ብዙ አልጽፍም፤ ሁሉም ተቀርጸው ኢንተርኔት ላይ ስለሚወጡ ማንም ያያቸዋል። እኔ ማውራት የምፈልገው እዚያ ማን ማንን ማግኘት እንደሚችል ነው፣ ይሄ ደግሞ አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለምንጠቀም ሰዎች ለምን እንደሚጠቅመን።

ለማታውቁት፣ ፎስደም የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ሰዎች ዓመታዊ ስብሰባ ነው። በ2000 ኦስደም ተብሎ ተጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)፤ ከዚያ "ፍሪ" (ነፃ) ለማለት የኤፍ ፊደል ከፊት ተጨምራበት ፎስደም ሆነ። በኛ ጥር ሊያልቅ ሲል ቅዳሜና እሁድ፣ በብራስልስ ነፃ ዩኒቨርሲቲ ሶልቦሽ ግቢ ይካሄዳል። ከ8,000 በላይ ሰው ይመጣል ተብሎ ይገመታል። ይገመታል የምለው በር ላይ የሚቆጥር ስለሌለ ነው። ምዝገባ የለም፣ ትኬት የለም፣ ስማችሁን የሚጠይቅ የለም። ሰተት ብሎ መግባት ነው።

የሌሎቹን ትልልቅ የቴክኖሎጂ ኮንፈረንሶች የትኬት ዋጋ ያየ ሰው ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ግን እኔን የነካኝ ገንዘቡ አይደለም። ትኬት ከሌለ ባጅም የለም። ባጅ ከሌለ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፊታችሁን ነው እንጂ ደረታችሁ ላይ የተንጠለጠለውን የድርጅት ስም አይደለም። የጥብስ ድንች ሰልፍ ላይ አጠገቤ ከቆመ ሰውዬ ጋር ስለ ዲስክ እና ስለ ፋይል ሲስተም ረጅም ጊዜ አወራን፣ እኔ ሥራ ቦታ የገጠመኝን ችግር ነገርኩት፣ እሱ ጠየቀኝ፣ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ልንለያይ ስንል ነው የምናወራበትን የሊኑክስ (የኦፕን ሶርሱ ስርዓተ ክወና) ኮድ ከሚንከባከቡት ሰዎች አንዱ መሆኑን ያወቅኩት። በኢሜይል ልጽፍለት ብል ኖሮ ምን ብዬ እጀምራለሁ? እዚያ ግን ሁለታችንም ብርድ ላይ ቆመን ድንች የምንጠብቅ ሰዎች ነበርን።

ወደ ግቢው መድረስ ቀላል ነው። ከመሃል ከተማ 71 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ላፕቶፕ በተሸከሙ ሰዎች ጢም ብሎ ስለሚሞላ የት እንደምትወርዱ ማሰብ እንኳን አያስፈልግም፣ ሁሉም ሲወርድ መውረድ ነው።

ውስጡ ግን ያደናግራል። ብዙ ሕንፃ፣ በብዙ ክፍል በአንድ ጊዜ ንግግር። ትልቁ ጃንሰን የሚባለው አዳራሽ ወደ 1,400 ሰው ይይዛል። የኮንፈረንሱ ልብ ያለው ግን ትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ርዕስ የራሱ ክፍል አለው፣ ዳታቤዝ ለብቻ፣ ፓይተን ለብቻ፣ ኔትወርክ ለብቻ፣ እና ክፍሉን የሚያዘጋጁት የዚያው ሙያ ሰዎች ናቸው። ሲሞላ በሩ ላይ "ሞልቷል" የሚል ወረቀት ይለጠፋል። አለቀ። ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት ብሎ መለመን አያስገባም፣ የእሳት አደጋ ደንብ ስለሆነ። ስለዚህ በጣም የምትፈልጉት ንግግር ካለ ከሱ በፊት ያለውን ገብታችሁ ወንበር ያዙ። ደግሞ ከሕንፃ ሕንፃ መሯሯጡን ተዉት። ግማሽ ቀን አንድ ክፍል መቀመጥ ይሻላል፣ ሰዎቹንም ትለምዷቸዋላችሁ፣ ጥያቄ መጠየቅም ይቀላል።

አንድ ነገር ስለ ዋይፋዩ፣ የኔትወርክ ሰዎች ስለምትጠይቁኝ። ዋናው ዋይፋይ አዲሱን የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ፣ አይፒቪ6ን፣ ብቻ ነው የሚጠቀመው። የድሮውን አይፒቪ4 ለሚፈልግ ሌላ መረብ ነበራቸው፣ ስሙንም "ፎስደም ጥንታዊ" ብለውታል። የኔ ስልክ በዋናው መረብ ሁሉንም አፖች ከፈተልኝ፣ ከአንዱ በስተቀር። ይሄን ዓይነት ብልሽት በሺህ የሚቆጠሩ የሶፍትዌር ሰዎች እኩል ሲያዩት እዚያው ማስተካከል የሚጀምር አይጠፋም፣ እና ለኔ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኬ የሚባለው ሕንፃ ውስጥ የየሶፍትዌሩ ፕሮጀክት ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል። ዴቢያን፣ ኬዲኢ፣ ግኖም፣ ሊብሬኦፊስ፣ ሌሎችም ብዙ። ስቲከር በነፃ፣ ቲሸርት በሽያጭ። ከጠረጴዛው ጀርባ የቆሙት የማስታወቂያ ሠራተኞች አይደሉም። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት፣ የሚተረጉሙት፣ የብልሽት ሪፖርት የሚያነቡት ራሳቸው ናቸው፣ ብዙዎቹም ያለ ክፍያ።

ሊብሬኦፊስ (እንደ ዎርድ ሰነድ የምንጽፍበት ሶፍትዌር) ጠረጴዛ ጋ ቆሜ ዓመታት ያቃጠለኝን ነገር አነሳሁ። አንድ ረጅም የአማርኛ ሰነድ ውስጥ "ፀሐይ" ብላችሁ ስትፈልጉ "ጸሀይ" ተብሎ የተጻፈውን አያገኝላችሁም። ለኛ አንድ ቃል ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አንድ ሰው ስሙን በአንዱ ጽፎ ሌላው መዝጋቢ በሌላው ከጻፈው ፋይሉ ሲፈለግ የለም ይባላል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ የሰው ጉዳይ የሚጉላላበት ነው።

ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ 3.0 (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚያውቁበት የቁጥር ዝርዝር) ውስጥ ገብቷል፣ ዛሬ ስልክ ላይ አማርኛ የምንጽፈውም በዚያ ምክንያት ነው፣ የደከሙበትን ሰዎች እናመሰግናለን። ግን ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው የሰጠው። የትኞቹ በአማርኛ አንድ ድምፅ እንደሆኑ ለፍለጋው የሚነግር ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ያናገረችኝ ልጅ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችና የቋንቋ ቅንብሩ ውስጥ የእስያ ቋንቋዎችን ከፈተች። መፈለጊያው ሳጥን ላይ ከዚህ በፊት አይቼው የማላውቀው ምርጫ ወጣ፦ በድምፅ የሚመሳሰሉትን ፈልግ፣ ለጃፓንኛ። ጃፓኖቹ አላቸው! እኛን የሚመስል ችግር ነበረባቸው፣ የነሱ ሰው ደንቡን አስረድቶ፣ ሌላው ኮዱን ጽፎ፣ ገባ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ "የናንተ ደንብ የት ተጽፏል? የብልሽት ሪፖርቱስ ቁጥሩ ስንት ነው?" ማንም ክፉ ሆኖ አማርኛን አልተወውም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያሉት ሰዎች ሐ እና ኀን የሚለዩበት ምንም መንገድ የላቸውም። እኛ ካልነገርናቸው ማን ይነግራቸዋል? እኛ ደግሞ ፌስቡክ ላይ እርስ በርስ ስናማርር ነው የኖርነው፣ ምሬታችንም አማርኛ የማያነቡት ሰዎች ዘንድ አይደርስም።

ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይሄ ጥያቄ አይረሳኝም። ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው፣ የሚያውቅ ይጽፋል፣ የሚችል ይሠራል። ከርልን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ዳንኤል ስቴንበርግ የሚባል ስዊድናዊ የጀመረው፣ ፋይል ከኢንተርኔት የሚያመጣ ፕሮግራም ነው። ስልካችሁ ውስጥም መኪና ውስጥም አለ፣ እሱ ራሱ ከ20 ቢሊዮን በላይ ቦታ ተጭኗል ብሎ ይገምታል። ይሄ ሰው ፎስደም ላይ በተደጋጋሚ ንግግር ያቀርባል፣ የሚያዳምጠው ሰው ደግሞ እንደኔው ሳይመዘገብ የገባ ነው።

የሚያሳዝነኝ ግን አለ። ይሄን ነገር ከኔ ይልቅ ማየት የነበረበት አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ነው፣ የአማርኛ ሶፍትዌር ሥራው ከኔ በጣም ይበልጣል። መግቢያው ነፃ ቢሆንም የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፣ ሲከለከሉም አይመለስም። ከፈለ፣ ተከለከለ። ስለዚህ ከቤቱ ሆኖ ቀጥታ ስርጭቱን ይከታተል ነበር። ብራስልስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲል አዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱ ይመቻል፣ ስርጭቱም አካውንት ክፈቱ ሳይል የሁሉንም ክፍል ያሳያል። ክፍሎቹ ማትሪክስ በሚባለው የመልእክት መለዋወጫ ላይ የራሳቸው የጽሑፍ ውይይት ስላላቸው ከዚያው ሆኖ ጥያቄ ጻፈ፣ አወያዩም ጮክ ብሎ አነበበው። እኔ ያኔ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ደስታዬን መግለጽ ያቅተኛል።

እሁድ ማታ ሲያልቅ አዘጋጆቹ እጅ ያለው ሁሉ ይርዳን ይላሉ፣ ምክንያቱም ሰኞ እዚያው ክፍል ትምህርት አለ። ገመድ መጠቅለል፣ ጠረጴዛ መሸከም፣ ቆሻሻ መልቀም። እኔም ወንበር ስሸከም አመሸሁ። እንደኔ መጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ባቡራችሁን ለሰኞ አድርጉት፣ እሁድ ካገኘኋቸው ሰዎች ጥሩ ጥሩዎቹን ያገኘሁት በዚያ የማጽዳት ሰዓት ነው።

አሁን ከጓደኛዬ ጋር የፊደሎቹን ደንብ እየጻፍን ነው፣ ሪፖርቱን ከሱ ጋር አያይዘን ለማስገባት። ገና አልተስማማንም። እኔ ፍለጋው ሁልጊዜ ሞክሼዎቹን አንድ ያድርግ እላለሁ፣ እሱ ደግሞ ተጠቃሚው የሚመርጠው ይሁን ይላል፣ በግዕዝ "ሠረቀ" ወጣ፣ "ሰረቀ" ደግሞ ሌባ የሚሠራው ነው፣ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው እንዲቀላቀልበት አይፈልግም ብሎ። እውነት አለው። የግዕዝ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍትና የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ በሥራችሁ ፍለጋ እምቢ ያላችሁን ቃል ከነአጻጻፉ ላኩልኝ፣ ዝርዝሩ ውስጥ እናስገባዋለን።