ለጉልበቴ መድኃኒቱ ጭኔ ላይ ነበር

ጉልበቱን የታመመ ሰው ከዘመድም ከጎረቤትም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «እረፍ፣ ብርድ አይምታህ»። ብዙዎቻችንን ያሰነፈው ይህ ምክር ነው። ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ፊት ለፊቱ ትልቅ ጡንቻ ነው። እግር ሲያርፍ ጡንቻው ይከሳል፤ ጡንቻው ሲከሳ ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል፤ ሕመሙ ሲብስ ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል። ጉልበቱ ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ብዙም ባያም እንኳ ጡንቻው ይሰንፋል። እኔ እፎይታ ያገኘሁት ይህን አዙሪት ከጡንቻው በኩል ስቆርጠው ነው። ክኒኑም፣ ቅባቱም፣ ምርኩዙም የጠቀሙኝ እንቅስቃሴውን እንድችለው ስላደረጉ ነው።

አስቀድሞ ግን የበሽታውን ዓይነት መለየት ግድ ነው። «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ስንል የተለያዩ በሽታዎችን ባንድ ስም እየጠራን ነው። የእኔ ዓይነቱ በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ የሚመጣው፣ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይቲስ የሚሉት ነው። ጠዋት ተሳስሮ ያድርና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል፤ ሲሄዱበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። የሁለቱም እጅ ጣቶች አብረው የሚያብጡ፣ የጠዋቱም መተሳሰር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ሩማቶይድ አርትራይቲስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ይችላል። እሱ እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ መድኃኒት በጊዜ ካልተጀመረለት መገጣጠሚያውን ያበላሻል። (ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በስህተት በየቀኑ መዋጥ ሕይወት ያሳጣል፤ ቤታችሁ የሚወስድ ካለ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቡለት።) ሌሊት ድንገት የእግር አውራ ጣት ነዶ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያስጮህ ከሆነ የዩሪክ አሲድ ሪህ ይጠረጠራል። አንድ መገጣጠሚያ ቀልቶ፣ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካመጣ ደግሞ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ይበላሻል።

እንቅስቃሴው ሦስት ነው፤ የጀመርኩት ከቀላሉ ነው። እግሬን ዘርግቼ ከጉልበቴ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ፎጣውን በጉልበቴ ቁልቁል እየተጫንኩ እስከ 5 እቆጥራለሁ። ጠዋት 10፣ ማታ 10። ትክክል መሆኑን የማውቀው እጄን ከጉልበቴ ሎሚ በላይ አስቀምጬ ነው፦ ሎሚው ወደ ጭን ሳብ ማለት አለበት፣ በላዩ ያለው ሥጋም ጣት የማያሰረጉደው ያህል መጠጠር አለበት። ካልጠጠረ እየሠራ ያለው ቂጥ ነው። ቁጥሩን ድምፅ አውጥቶ መቁጠር ይበጃል፤ ትንፋሽ ማፈን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ እግርን ማንሳት ነው። ደህነኛው እግር ታጥፎ መርገጫው መሬት ይነካል፤ ይህ ከተረሳ ወገብ ይታመማል። የታመመው ቀጥ ብሎ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፣ እስከ 5 ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። 10 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና 10፤ እየቆየ ወደ ሦስት ዙር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጉልበቱን ሰበር አድርጎ በማንሳት ነው፤ ያኔ ሥራውን ዳሌ ይወስደዋል። ሦስቱ ዙር ሲቀለኝ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ካልሲ ውስጥ ቋጥሬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩ፤ ከዚያ አንድ ኪሎ።

ሦስተኛው ከወንበር ተነስቶ መቀመጥ ነው። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቁመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ እጅ ደረት ላይ። መነሳት ካቃተ ጋቢ አጥፎ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ እንጂ በእጅ መግፋት አይደለም። ሲቀመጡ «ዱብ» ማለት አይቻልም፤ ጡንቻውን የሚያጠነክረው ቀስ ብሎ መውረዱ ነው። በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ በየሳምንቱ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሕመም በቀን በቀን ስለሚዋዥቅ እየተሻለኝ መሆኑን የሚነግረኝ ይህ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው በየቀኑ፣ ሁለቱ በሳምንት ሦስት ቀን። በሁለት ሳምንት ምንም አይታይም፤ ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገስ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ነው፣ በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ሲሠሩ ማመሙ አይቀርም። የምጠቀምበት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ እስከ 5 የሚደርስ ሕመም፣ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ችግር የለውም። በማግስቱም ካልበረደ ቁጥሩን በግማሽ መቀነስ ነው። ማቆም ግን አይደለም።

ሌሊት ከጉልበት ሥር ትራስ ማድረግ ደስ ይላል፤ እኔም ለመድኩት። በኋላ ግን ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ አልዘረጋ አለኝ። ታጥፎ የሚያድር ጉልበት ታጥፎ ይቀራል፣ ያልተዘረጋ ጉልበት ደግሞ ሲራመዱ ይበልጥ ያደክማል። ትራሱን ማውጣት ብቻ አልበቃኝም፤ ተረከዜን ትራስ ላይ አድርጌ ጉልበቴን ባዶውን በማንጠልጠል በቀን 10 ደቂቃ መዘርጋት ነበረብኝ።

ስለ መድኃኒት። ለጉልበት መጀመሪያ የሚሞከረው የዲክሎፌናክ ቅባት ነው። ባለ 1 በመቶው ጄል ለአንድ ጉልበት በአንድ ጊዜ 4 ግራም፣ በቀን 4 ጊዜ ነው የሚቀባው። ይህ በቀን 16 ግራም ይሆናል፤ 50 ግራም ቱቦ ሦስት ቀን ቢያዘልቅ ነው። ባቄላ የምታህል ቀብቶ «አልሠራልኝም» የሚለው ሰው መጠኑን አላገኘም። ከተቀቡ በኋላ ቦታውን በላስቲክ መጠቅለልም ሆነ በሙቅ ነገር መተኮስ አይገባም፤ እጅ ይታጠባል። የሚዋጠው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ቢቀንሱም ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ግፊት ይጨምራሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ጥፋት ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ከሚውጠው ከምግብ በኋላ ያድርገው። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጨጓራ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ወደ ሐኪም።

ስሙ ሳይጻፍበት በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሰጥ፣ ባንድ ቀን ተአምር የሚሠራ ክኒን ካጋጠማችሁ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል። ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ለወራት ተወስዶ ድንገት ቢቆም ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። ስሙን ሳትጠይቁ አትቀበሉ። ጉልበት ውስጥ የሚወጋው ስቴሮይድ ሌላ ነገር ነው፤ ለሳምንታት ያስታግሳል፣ ያን ጊዜ ግን ጡንቻ ለመገንባት ካልተጠቀሙበት ሕመሙ ይመለሳል።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ሂሳብ ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ያወርዳል። አምስት ኪሎ መቀነስ በየእርምጃው 20 ኪሎ፣ ማለትም ውሃ የሞላ ትልቅ ጀሪካን ማውረድ ነው። ጾም ብቻውን ይህን አያደርግም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፣ የጾም ሽሮ ላይ ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ዘይቱን ከጠርሙስ መጨመር ትቼ በማንኪያ መስፈር ጀመርኩ።

ምርኩዝ የሚያዘው ጤነኛው እግር ባለበት እጅ ነው። ቀኝ ጉልበቱን የታመመ በግራ እጁ ይያዝ፤ ምርኩዙና የታመመው እግር አብረው ይራመዳሉ። በታመመው በኩል ከተያዘ ሰውነት ወደዚያው ያዘነብልና ሸክሙን ይጨምርበታል። ቁመቱም ክንድ ተንጠልጥሎ መያዣው የእጅ አንጓ ላይ ሲደርስ ነው ልኩ። ደረጃ ሲወጡ ደህነኛው ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው።

ቤት ውስጥ ጉልበትን የሚገድሉት ዝቅ ያሉ ነገሮች ናቸው፦ የቡናው ዱካ፣ መሬት ላይ ያለ ምጣድ፣ ቁጢጥ የሚያስብለው ሽንት ቤት። ምጣዱን ወገብ ድረስ ከፍ አደረግነው፤ ለሽንት ቤቱ መሐሉ የተበሳ የእንጨት ወንበር ከጉድጓዱ በላይ ቆመ። ስግደት ላለበት የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይሻላል።

ጉልበቱ የተነሳበት ቀን፣ ያበጠና የሞቀ እንደሆነ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ አደርግበታለሁ። ሙቀት የሚሆነው ላላበጠና ለተሳሰረ ጉልበት ነው፤ ያበጠውን ማሳሸትም ያብሰዋል። በእነዚያ ቀናት ከሦስቱ እንቅስቃሴ የመጀመሪያውን ብቻ እሠራለሁ፤ እብጠቱ ሲጎድል ሌሎቹን ከነበሩበት በግማሽ ቁጥር እጀምራቸዋለሁ።