የማንን በሬ ወሰድሁ?

የምንኖረው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በሦስቱ ብሎኮቻችን 64 አባወራና እማወራ በአንድ እድር ታቅፈናል፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አንድ ድንኳን፣ 120 ወንበርና 6 ጎላ ድስት በጋራ አለን። መዋጮው በወር 100 ብር ሲሆን፣ የሚሰበሰበውም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ኮሚናል በምንለው የጋራ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የዚህ እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ ተመረጥሁ። «ተመረጥሁ» ስል ግን አንባቢ እንዳይሳሳትብኝ፤ የቀድሞው ገንዘብ ያዥ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን፣ ዓይናቸው ደክሞ ደብተሩን ሲያስረክቡ እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ በዚያን ቀን አርፍጄ በመምጣቴ ባዶ ሆኖ ያገኘሁት ከፊት ያለውን ወንበር ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቴ የሦስት ቀን የመሪነት ሥልጠና ሰጥቶን ስለ ነበር፣ ስለ ራእይና ስለ ተጽዕኖ ፈጣሪነት የሚያትት ወፍራም ማስታወሻ በእጄ ነበረ። ሥልጠናው መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም በሦስቱም ቀናት «ደረሰኝ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ሲነሣ አልሰማሁም። በጉባኤም ቢሆን ስለ መሪነት ሲነገር ነህምያን የምንጠቅሰው የኢየሩሳሌምን ቅጥር በ52 ቀን ስለ ማስጨረሱ ነው እንጂ፣ በመጽሐፉ 5ኛ ምዕራፍ እንደ ተጻፈው ገዥ ሆኖ በቆየባቸው 12 ዓመታት ለገዥ የሚገባውን ቀለብ ሳይወስድ፣ በየቀኑ 150 ሰው በማዕዱ ያበላ ስለ መሆኑ ብዙም አናነሣም።

ጋሼ ደብተሩን በያዙበት ዘመን መዋጮው በጥሬ ገንዘብ ይሰበሰብና በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድሮ፣ ሰኞ ጠዋት በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ይገባ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን አባላቱ አንድ በአንድ በስልክ መላክን ለመዱ፤ እኔ ስረከብ ከግማሽ የሚበልጠው መዋጮ የሚመጣው በግል ስልኬ ቁጥር ሆነ። ማንም ክፋት አስቦ ያደረገው አይደለም፤ ቀላሉ መንገድ እርሱ ስለ ነበር ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የእድሩ ብርና የእኔ ብር በአንድ ስልክ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በማይለይበት አንድ ድምር ሆነው ተቀመጡ። የብስኩቱ ቆርቆሮ ቢያንስ ክዳን ነበረው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንዱ ወር መጨረሻ ደመወዝ ዘገየብን። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ 2,400 ብር ሲሆን የመጨረሻው ቀን ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ እንደ ቆምሁ ስልኬን አወጣሁና ከፈልሁ። ጥቂት ጊዜ መንካትና የምሥጢር ቁጥር ማስገባት ብቻ ነበር፤ ከፍዬ ስጨርስ ሰልፉ ገና ሁለት እርምጃ አልተራመደም። ማታ ባለቤቴ «ከየት አመጣኸው?» ስትለኝ «ተገኘ» አልኋት። በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ደመወዝ ገባ፤ ብሩን ተካሁና የወሩን መዋጮ በሙሉ ባንክ አስገባሁ። አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ማንም አላወቀም፤ ማንም አልተጎዳም።

«ተገኘ» የሚለው ቃል ግን ለብዙ ሳምንታት አልለቀቀኝም። ቋንቋችን አድራጊውን ለመሰወር የተመቸ ነው፤ ብርጭቆ «ተሰበረ» እንላለን፣ ዕቃ «ጠፋ» እንላለን፣ ብር «ተገኘ» እንላለን፤ በአንዱም ውስጥ ሰው የለም። ይበልጥ ያሳፈረኝ ቀኑ ነው። ረቡዕን የምንጾመው በጌታ ላይ የተመከረበትን ቀን እያሰብን ነው፤ ይሁዳም በ30 ብር የተዋዋለው በዚያው ምክር ነበር። እኔም በዚያ ረቡዕ ጾሜን አልሻርሁም። ከሥጋና ከወተት ተከልክዬ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳልቀምስ፣ የ64 ቤት አደራ ግን ነክቼ ዋልሁ።

ራሴን ከይሁዳ ጋር ማስተያየቴ የበዛ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ስጽፈው አመንትቻለሁ። ያስታወሰኝ ግን ክህደቱ ሳይሆን ሥራው ነው። የደቀ መዛሙርቱን ከረጢት የያዘው እርሱ ነበር፤ በዮሐንስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍም በዚያች ሌሊት ከማዕዱ ተነሥቶ ሲወጣ ሌሎቹ ከረጢቱን ስለ ያዘ ለበዓሉ የሚያስፈልገውን ሊገዛ የሄደ መሰላቸው እንጂ አልጠረጠሩትም። የተሰጠው ኃላፊነት ራሱ ሸፈነው። በእኛ እድርም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ያዥን «ሒሳቡን አሳየን» ማለት «ሌባ ነህ» እንደ ማለት ስለሚቆጠር፣ ይሉኝታ አፋችንን ይይዘዋል፤ ደብተሩ ሳይገለጥ ዓመት ያልፋል፣ ዝምታችንንም መተማመን እንለዋለን። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ ገንዘብም ሆነ ሰው የሚመራ ክርስቲያን እስኪጠየቅ ድረስ መጠበቅ የሚችል አይመስለኝም፤ ጠያቂ አይመጣምና።

በጠያቂው ፋንታ ራሱ ተነሥቶ የጠየቀ አንድ ሽማግሌ በመጽሐፍ አለ። ነቢዩ ሳሙኤል ሸምግሎ ንጉሥ ከተሾመ በኋላ ሕዝቡን ሰብስቦ «የማንን በሬ ወሰድሁ? የማንንስ አህያ ወሰድሁ?» ሲል መስክሩብኝ አላቸው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ለምንቀልድ ለእኛ ይህ እንግዳ ንግግር ነው። ሳሙኤል እንዲህ በድፍረት ይናገር እንጂ፣ ከአንደኛ ሳሙኤል 8ኛ ምዕራፍ እንደምንረዳው በቤርሳቤህ ፈራጆች አድርጎ የሾማቸው ልጆቹ ኢዮኤልና አብያ ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ ያጣምሙ ነበር። የአባት እጅ ንጹሕ መሆኑ ለልጅ በውርስ አይተላለፍም ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያን ብር የወሰድሁት ለልጄ ነው፤ «ተገኘ» ስልም በዚያው ክፍል ውስጥ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር።

የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ በመጡ ጊዜ ጠበሉ ተረጭቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ነገሩን ገልጬ ነገርኋቸው። ቀኖና ሰጡኝ። እኔም ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ ከራሴ ገንዘብ ጨምሬ ለእድሩ ልስጥ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ወለድ ከፍለህ ልትገላገለው ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «ዘኬዎስ ያን ቃል የተናገረው በሕዝብ ፊት ቆሞ ነው፤ አንተ ግን ለእኔ ተቀምጠህ ነገርኸኝ። ገንዘቡ የእኔ ነበር እንዴ?» አሉ። በዚያው አያይዘውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ምእመናን የሚዋጣውን ገንዘብ ሲያሰባስብ ስለ ምን ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን አብሮ እንደ ላከ ሁለተኛ ቆሮንቶስን 8ኛ ምዕራፍ ከፍቼ እንዳነብ አዘዙኝ። ጳውሎስ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እናስባለን ይላል። በጌታ ፊት እንደ ተናዘዝሁ አስቤ፣ በሰው ፊት ያለውን ልዝለለው ፈልጌ ነበር።

በቀጣዩ ስብሰባ አጀንዳው ሁሉ ካለቀ በኋላ ተነሣሁ። ሌሊቱን ያዘጋጀሁት ንግግር ረጅም ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ከመዋጮው 2,400 ብር ለአምስት ቀን ወስጄ ነበር፤ መልሻለሁ» የሚል ብቻ ሆነ። ከንዴት ይልቅ እፍረት በቤቱ ሞላ፤ ያፈሩትም ስለ እኔ ነበር። «ኧረ ተወው ወንድሜ፣ መልሰህ የለም እንዴ!» አለ አንዱ። «ሁላችንም እንቸገራለን» አለ ሌላው። ጉዳዩ በዚሁ ሊታለፍ ሲል፣ በግቢው በር እንጀራ የምትሸጠው ጎረቤታችን ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያን ሰኞ ደመወዝህ ባይገባ ኖሮስ?» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ሰኞ ይገባል ብዬ ነበር እንጂ ባይገባ የማደርገውን አስቤው አላውቅም። በዚያ ሳምንት ከጎረቤቶቻችን አንዱ ቤት ለቅሶ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ገንዘብ ለከፈንና ለሣጥን የሚፈለግ ነበር።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ወደ መተዳደሪያ ደንቡ ዞረ። ገንዘብ ያዥ ገንዘብ ቢወስድና ቢመልስ ምን እንደሚደረግ የሚናገር አንቀጽ ተፈልጎ ጠፋ። በመጨረሻ መዋጮ ላዘገየ አባል የተቀመጠው የ20 ብር መቀጮ ይሁንበት ተባለ፤ ከእኔ ጥፋት ጋር የማይገጥም ቢሆንም ከሁሉ የቀረበው እርሱ ነበር። በቴሌብር የሚላክ መዋጮም በቀጥታ በእድሩ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ እንዲገባ፣ ወጪ ሲኖር ሁለት ሰው እንዲፈርም፣ የየወሩም ገቢና ወጪ በኮሚናሉ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ገንዘብ ያዥነቱን ልልቀቅ ብልም አልተቀበሉኝም፤ ይህ ይቅርታ ይሁን ወይም ሌላ ፈቃደኛ ስለ ጠፋ እስካሁን አልለየሁትም። ለባለቤቴ ግን ነገሩን የነገርኋት ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት ነው፤ ልጃችንም በአጠገባችን ነበረች።

መቀጮዬን ከፍዬ ደረሰኙን መቁረጥ ያለብኝ ራሴ ነበርሁ። ስሜን ጻፍሁ፤ 20 ብር ብዬ ጻፍሁ፤ «ምክንያት» ከሚለው ፊት «መዘግየት» ብዬ ሞላሁ። ወንበር በማንሣት ላይ የነበረችው እንጀራ ሻጭ ጎረቤቴ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፣ «መቼ አዘገየህ፤ ወሰድሁ አላልህም?» አለችኝ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደረሰኝ ስለማያገለግል ያንን «ውድቅ» ብዬበት ከግልባጩ ጋር አያያዝሁትና ከጥራዙ ቀጥሎ ያለውን ገለጥሁ።